ላከልኝ እና ላከብኝ

አባቴ ሰበታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ፣ አንዲት አሮጌ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ይዞ ከሃያ ዓመት በላይ ራፖር ጽፏል። ጠዋት ከተፍኪ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይሄዳል፤ ማታ ጣቱ ላይ ቀለም፣ ኮቱ ላይ አቧራ ይዞ ይመለሳል። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሬው እሄድ ነበር። ሥራዬ ካርቦን ወረቀት ማቀበልና ዝም ማለት ነበር። ከሁለቱ የሚከብደኝ ዝም ማለቱ ነበር።

ባለጉዳይ ይመጣል። በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ ጋቢውን ያስተካክላል፤ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ ከዚያ ከአያቱ ዘመን ይጀምራል። የመሬቱ ድንበር የቱ ጋ እንደነበረ፣ ግራሩን ማን እንደተከለው፣ ጎረቤቱ በየትኛው ሰርግ ላይ እንዳኮረፈ ይዘረዝራል። አባቴ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ያዳምጣል። ሰውየው ሲያበቃ "እንግዲህ አሁን እኔ ልንገርዎት፤ ስሳሳት ያቁሙኝ" ይልና የሰማውን በአምስት ስድስት ዐረፍተ ነገር መልሶ ይነግረዋል። ባለጉዳዩ አንዳንዴ "እሱ ነው!" ይላል። አንዳንዴ ደግሞ "የለም ጋሼ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም" ይላል። ያኔ አባቴ እንደገና ያዳምጣል። ብዕሩን የሚያነሣው "እሱ ነው" ከተባለ በኋላ ብቻ ነው። ጽፎ ሲጨርስም ጮክ ብሎ ያነብለታል። ፊርማው ወይም የጣት አሻራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ከአባቴ ጎን ሦስት ሌሎች ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ሰውየው ገና እየተናገረ ይጽፉ ስለነበር በቀን የእሱን እጥፍ ያህል ባለጉዳይ ያስተናግዳሉ። ለምን እንደ እነሱ እንደማያደርግ ስጠይቀው "እነሱ ይጽፋሉ፤ እኔ እሰማለሁ" ብሎኝ ነበር። መልሱ አልገባኝም። እስከ ባለፈው ጥር ድረስ አልገባኝም።

ዛሬ የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጥሪ ማዕከል ነው። ጠዋት ከተፍኪ ወደ ሰበታ፣ ከሰበታ በዓለም ገና አድርጌ ወደ አየር ጤና፣ ከዚያ ወደ ከተማው እገባለሁ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ፣ ስክሪን ፊት ተቀምጬ፣ ስለ ሞባይል ገንዘብ የሚደውሉ ሰዎችን አስተናግዳለሁ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠቅስም፤ ይህን የምጽፈው የራሴን ጥፋት ለመናገር እንጂ ማንንም ለመክሰስ አይደለም።

በጥሪ ማዕከል ሥራ ውስጥ ደዋዩ የማያየው አንድ ክፍል አለ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሠራተኛው የተባለውን በአጭሩ ጽፎ መዝገብ ውስጥ ማስገባት አለበት። ሰውየው ነገ ቢደውል ሌላ ሠራተኛ ሊያገኘው ስለሚችል፣ ያ ሠራተኛ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንዳይጠይቀው ማስታወሻው ያስፈልጋል። እኔ ለአንድ ጥሪ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጅብኝ ነበር። ጠዋት ላይ ማስታወሻዬ የተሟላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ጣቴም ልቤም ይደክማል፤ "ደ/ኛ ስለ ገንዘብ ጠየቁ፤ ተነገራቸው" እያልኩ አልፋለሁ። ማነው የጠየቀው? ምን ተነገረው? ነገ የሚያነበው ሰው ምንም አያገኝበትም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ይህን ሥራ የሚሠራልን ፕሮግራም መጣ። ደዋዩ እየተናገረ ሳለ በስክሪኑ ቀኝ በኩል ማጠቃለያ ይጻፋል፤ ንግግሩ ሲቀጥል ማጠቃለያውም እየታደሰ ይሄዳል። ስልኩ ሲዘጋ ሦስት አራት መስመር ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። የእኔ ድርሻ አንብቤ "አጽድቅ" የሚለውን መጫን ብቻ ነው። በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጎግልና አማዞንን የመሳሰሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ለጥሪ ማዕከላት እንዲህ ያለ አገልግሎት ይሸጣሉ።

አሠራሩን ለማወቅ ለምትፈልጉ ወጣት አንባቢዎች እንደተረዳሁት ላስረዳ። ፕሮግራሙ ሁለት አካል አለው ማለት ይቻላል፤ ጆሮና እጅ። ጆሮው የሰውን ድምፅ ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። እጁ ያንን ጽሑፍ ተቀብሎ ያሳጥረዋል። እጁ "የቋንቋ ሞዴል" የሚባለው ነው፤ ከኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቻትጂፒቲ በሚል ስም ሁላችንም የሰማነው ዓይነት ማለት ነው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ በማንበብ፣ ከአንድ ቃል ቁራጭ በኋላ የትኛው ቁራጭ ሊከተል እንደሚችል መገመት የተማረ ነው። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስደንቅ ነው። ይሁን እንጂ ግምት መሆኑን አይተውም።

እውነቱን ለመናገር ፕሮግራሙን ወደድኩት። ከሰዓት በኋላ የሚጫነኝ ድካም ቀለለ። ደዋዮችም ተጠቀሙ። "ትናንት ለሌላዋ ልጅ ነግሬአት ነበር" ሲሉኝ ማጠቃለያውን አንብቤ "አዎ እናቴ፣ አይቼዋለሁ፤ ሲም ካርድዎ ጠፍቶ ነበር አይደል?" ስላቸው የሚሰማቸው እፎይታ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። የተሰማ ሰው ድምፁ ይለወጣል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ማሽን መጥፎ ነው ለማለት የጻፍኩት እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ጥር ልመለስ።

ተፍኪን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከተማችን በጅማ መንገድ ላይ፣ ከሰበታ አለፍ ብሎ ነው የምትገኘው። ክረምት ላይ አዋሽ ሞልቶ ሜዳውን ስለሚያለብሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያልፍ መንገደኛ ሐይቅ ያየ ይመስለዋል። ክረምቱ ሲወጣ ውኃው ይሸሻል፤ ገበሬው በቀረው እርጥበት ጥቁሩ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ከዚያ ልጆች እሸት ሽምብራ በእቅፍ ታቅፈው መኪና እየተከተሉ ይሸጣሉ። በእኛ ሰፈር ጥር ማለት ገበሬ እጅ ላይ ጥቂት ብር የሚታይበት ወር ነው።

በዚያ ሰሞን፣ ከቀትር በኋላ፣ አንድ አባት ደወሉ። ከየት እንደሚደውሉ ከመናገራቸው በፊት ከአነጋገራቸው የእኛው አካባቢ ሰው መሆናቸውን አወቅኩ። አማርኛና አፋን ኦሮሞን ደባልቀው ነበር የሚናገሩት፤ እኛም ቤት እንደዚያው ነው። ውጭ ቆመው ስለነበር ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ያፏጫል። "ማሎ፣ ኢንተለ ኮ" ብለው ጀመሩ፤ "እባክሽ፣ ልጄ" ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሽምብራቸውን ሸጠው ገንዘቡን ስልካቸው ላይ አስቀምጠዋል። በሬ ሊገዙ ተስማምተው ቀብዱን ለባለ በሬው መላክ ነበረባቸው። ማንበብ ስለማይችሉ አንድ ሱቅ ውስጥ ለሚሠራ ልጅ ስልካቸውን ሰጥተው፣ የምስጢር ቁጥራቸውን ነግረው "ላክልኝ" አሉት። "ልጁ ወደ ሌላ ላከብኝ" አሉኝ። ባለ በሬው ጋ ምንም አልደረሰም። ልጁን ሲጠይቁት "ልኬአለሁ፣ ኔትዎርክ ነው" ይላቸዋል። "ማሎ፣ ማሎ" አሉኝ ደጋግመው።

ሰማኋቸው። ይህን አስምሬበት ልናገር፤ ያን ቀን ጆሮዬ በትክክል ሰምቷል። "አጣርተን እናሳውቅዎታለን፤ ሦስት ቀን ይጠብቁን" አልኳቸው። "እግዜር ይስጥሽ" ብለው ዘጉ። በስክሪኔ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ደዋዮች ቁጥር ቀይ ሆኖ ነበር። ማጠቃለያው ተዘጋጅቷል። በዓይኔ ገረፍ አደረግሁትና "አጽድቅ" የሚለውን ነካሁ። ከዚያ ቀጣዩ ደዋይ ገባ።

በአምስተኛው ቀን ያው ድምፅ ተመልሶ መጣ። "ማሎ" ሲሉ ነው ያወቅኋቸው። ድምፃቸው ግን ሌላ ሆኗል፤ የደከመ፣ ትንሽም የተቆጣ። ከሁለት ቀን በፊት ደውለው ነበር፤ ሌላ ሠራተኛ አግኝታቸው "ገንዘቡን የላኩት ልጅዎ ናቸው፤ እሳቸውን ይጠይቁ" ብላቸዋለች። "የትኛውን ልጄን?" አሉኝ። "እኔ ወንድ ልጅ የለኝም።"

መዝገቡን ከፈትኩ። እኔ ያጸደቅሁት ማጠቃለያ እንዲህ ይላል፦ "ደንበኛው በልጃቸው አማካኝነት ገንዘብ መላኩን ገልጸዋል። ስለ ዝውውሩ መረጃ ጠይቀዋል። ማብራሪያ ተሰጥቷቸዋል።" ጉዳዩ "መረጃ" በሚል ዓይነት ተመዝግቦ ተዘግቷል። ከባልደረባዬ ይልቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። እሷ ያነበበችው የእኔን ወረቀት ነው።

የዝውውሩን ታሪክ አየሁ። በደወሉበት ቀን ገንዘቡ ገና የተቀባዩ ሂሳብ ላይ ነበር። ያኔ "ማጭበርበር" በሚለው በኩል አስገብቼው ቢሆን ኖሮ ሊታገድ ይችል ነበር። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ወጥቷል።

እጄ ማዳመጫው ላይ እንዳለ ለጥቂት ጊዜ መናገር አልቻልኩም። ከዚያ "አባቴ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም፤ እኔ ነኝ በትክክል ያልመዘገብኩት" አልኳቸው። ዝም አሉ። "እና አሁን?" አሉኝ። ማጭበርበር ብዬ መዘገብኩ፤ ለፖሊስ ምን ይዘው መቅረብ እንዳለባቸው አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ የምስጢር ቁጥራቸውን እንዲለውጡ አገዝኳቸው። ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ሄደ። እኔ ጋ ያለው መዝገብ እዚያ ላይ ያቆማል።

የዚያን ዕለት ከሥራ በኋላ ኃላፊዬን አስፈቅጄ የመጀመሪያውን ጥሪ ቅጂ ከጽሑፉ ጋር እያስተያየሁ አዳመጥኩ። ስህተቱ የተሠራው በአንድ ፊደል ነበር። እሳቸው "ላከብኝ" ብለዋል። ማሽኑ "ላከልኝ" ብሎ ጽፏል።

ብ እና ል። አማርኛ ለሚናገር ሰው በእነዚህ ሁለት ፊደላት መካከል ያለው ርቀት ከሰማይ እስከ ምድር ነው። "ላከልኝ" ውለታ ነው፤ "ላከብኝ" በደል ነው። "ፈረደልኝ" ያለ ሰው እየሳቀ ከፍርድ ቤት ይወጣል፤ "ፈረደብኝ" ያለው አንገቱን ደፍቶ። "መጣልኝ" እና "መጣብኝ"፣ "ዘጋልኝ" እና "ዘጋብኝ"፤ ድርጊቱ አንድ ነው፤ ለማን ሆነ፣ በማን ላይ ሆነ የሚለውን የምትሸከመው ያቺ አንዲት ፊደል ናት። የሰውየው አቤቱታ በሙሉ ብ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እሷ ስትወድቅ በደሉም አብሮ ወደቀ።

ሌላም ነበረ። "ማሎ" የሚለውን ማሽኑ አላወቀውም፤ በየቦታው "ማለት" ብሎ ጽፎታል። ልመናቸው የንግግር ማሟያ ሆነ፤ ማጠቃለያ ሲሠራ ደግሞ መጀመሪያ የሚጣለው ማሟያ ነውና ተጣለ። "ልጁ" ያሉትን፣ ማለትም ያንን የሱቅ ልጅ፣ "ልጃቸው" አደረገው። "አጣርተን እናሳውቅዎታለን" ያልኩት ቃል ኪዳን "ማብራሪያ ተሰጥቷቸዋል" ሆነ። እያንዳንዱ ለውጥ ትንሽ ነው። ተደምረው ግን አንድ የተዘረፈ ሰው ከልጁ ጋር ያልተነጋገረ አባት ሆነ።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ባነብ ባነብ ጥቂት ነገር ገባኝ። የመጀመሪያው የስልኩ ነገር ነው። መደበኛ የስልክ መስመር ለረጅም ዘመን የሰውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ አላስተላለፈም፤ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ይዞ የቀረውን ይቆርጣል። እኛ የተቆረጠውን ከነገሩ አካሄድ እንሞላዋለን፤ ነፋስ ሲጨመርበት ማሽን ይቸገራል።

ሁለተኛው የቋንቋችን ድርሻ ነው። ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ በኮምፒውተር ዓለም ውስጥ ደግሞ የእኛ የተጻፈ ነገር ጥቂት ነው። ጎግል የትርጉም አገልግሎቱ ላይ አማርኛን የጨመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ የገቡት በ2022 ነው። ማሳጠርን ለማስተማር በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ኤክስኤል-ሰም የሚባል የጽሑፍ ክምችት አለ፤ ከቢቢሲ ዜናዎች የተሰበሰበ ሲሆን 44 ቋንቋዎችን ይዟል። ሦስቱም የአገራችን ቋንቋዎች በመካተታቸው ደስ ብሎኛል። ነገር ግን እንግሊዝኛው ከ300 ሺህ በላይ ጽሑፍ ሲኖረው አማርኛው ሰባት ሺህ ገደማ ነው። ደግሞም ዜና ነው። የዜና አማርኛ "ተገለጸ፣ ተሰጠ፣ ተላከ" ይላል፤ ማን እንዳደረገው መደበቅ ይወዳል። በደል የደረሰበት ሰው ግን የሚደውለው አድራጊውን ሊነግረን ነው።

ፊደላችንም ዋጋ ያስከፍላል። በኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ይይዛል። ሞዴሎቹ ቃልን ሲቆራርጡም የአማርኛን ቃል ብዙ ጊዜ በጣም ይከታትፉታል። እንደ ተፍኪ ሰው አማርኛና አፋን ኦሮሞን በአንድ ትንፋሽ ለሚናገር ሰው ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። ስለ እርሻ ምክር የሚሰጠው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ለደዋዩ ቋንቋውን ያስመርጠዋል፤ እነዚህ አባት ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱንም ነው የመረጡት።

ሦስተኛው እየታደሰ የሚሄድ ማጠቃለያ ጠባይ ነው። ማሽኑ በየጊዜው ንግግሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ላያነብ ይችላል፤ የቀድሞውን ማጠቃለያ ይወስድና አዲሱን ንግግር ጨምሮ እንደገና ያሳጥራል። ቡና እንደማፍላት ነው። አቦሉ ላይ ያልወጣ ነገር በረካው ላይ አይመጣም። መጀመሪያ "ላከልኝ" ተብሎ ከተያዘ፣ ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ በዚያ ቀለም ይነከራል።

ይህን ሁሉ ሳውቅ ለጥቂት ቀን ተጽናናሁ። ጥፋቱን የማካፍለው አገኘሁ፤ ስልኩ፣ ነፋሱ፣ የተማረበት ጽሑፍ ማነስ። ቅዳሜ ተፍኪ ስመለስ ለአባቴ በዚሁ መልክ ነገርኩት። አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ራፖር መጻፍ ካቆመ ቆይቷል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ እሸት ሽምብራ እየፈለፈለ በዝምታ አዳመጠኝ። ባይቶቹን፣ ኸርዙን፣ የቢቢሲውን ሁሉ ነገርኩት። ሲያበቃልኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"አነበብሽለት?"

"ምኑን?"

"የጻፍሽውን። ከመዝጋትሽ በፊት አነበብሽለት ወይ?"

መልስ አልነበረኝም። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። ጥቂት ቆይቶ ግን እንዲህ አለኝ፦ "ዔሊም ሐናን በሩቅ አይቶ በአንድ ቃል ጠቅልሏት ነበር እኮ። ሰክራለች አለ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቷል፤ አልዋሸም። ግን ቆማ 'የለም ጌታዬ፣ እንዲህ ነው' ባትለው ኖሮ ወደ ቤቷ የምትሄደው ሰካራም ተብላ ነበር። ዔሊን የማመሰግነው ስታርመው በመስማቱ ነው።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የማሽኑን ስህተት ማብራራት ችዬ ነበር። የእኔን ግን ማብራራት አልቻልኩም። እኔ "ላከብኝ" ሲባል ሰምቼ ነበር። ትክክለኛው ቃል ጆሮዬ ውስጥ እያለ፣ የተሳሳተውን በጣቴ አጸደቅሁ። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ማስታወሻዬ ሰነፍ ቢሆንም የእኔ ነበር፤ የማላውቀውን አልጽፍም ነበር። አሁን ግን ያማረ አማርኛ ተዘጋጅቶ ሲጠብቀኝ፣ ማማሩ እውነት አስመሰለው። የተበላሸ ጽሑፍ ቢሆን አርመው ነበር። በነጥብና በሥርዓት የተጻፈ ስለሆነ አመንኩት።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊዬ ጋ ገባሁ። ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ሁለቴ ተመልሻለሁ፤ በእኛ ሥራ የስህተት ነጥብ ከወር ጉርሻ ላይ ይቀነሳል፤ እኔም ቤት የምረዳቸው አሉ። "ሲስተሙ ተሳሳተ" ማለት ይቀል ነበር፤ ማንም አይቃወመኝም ነበር። ግን "እኔ ነኝ ያጸደቅሁት" አልኩ። ከዚያ የአባቴን ጥያቄ ይዤ ቀረብኩ፦ ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት ማጠቃለያውን ለደዋዩ ብናነብለትስ?

ኃላፊዬ ሰዓቱን ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው፤ ወረፋው ውስጥ ያለውም ሰው ነው። አንድ ሰው በደንብ ሲሰማ ሌላው ሙዚቃ እያዳመጠ ይጠብቃል። ተነጋግረን ለጥቂት ሳምንታት ስድስት ሆነን ሞከርነው። በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጨመረ። ነጥቤም ተቀነሰ፤ እሱ አልቀረልኝም። በመጨረሻ ለሁሉም ጥሪ አልተፈቀደም፤ የገንዘብ ክርክር ላለባቸው ብቻ ሆነ። የተፈለገው ሁሉ አልተገኘም፤ ግን እነዚያ አባት ዛሬ ቢደውሉ ይነበብላቸው ነበር።

ማንበብ ከጀመርን ወዲህ የተማርኩት ነገር አለ። ሰዎች ያርማሉ። አንዳንዴ ቀኑን፣ አንዳንዴ መጠኑን፣ አንዳንዴ ደግሞ "ተናድጃለሁ የሚለውንም ጻፊልኝ" ይላሉ። አንዲት እናት አንብቤላቸው ሳበቃ ሳቁና "ኧረ ይሄን ሁሉ አውርቼ እንዲህ አጭር ሰው ነኝ እንዴ?" አሉኝ። ከዚያ ግን "እሱ ነው" አሉ። የአባቴ ባለጉዳዮች ይሉት የነበረው ቃል በማዳመጫዬ ሲመጣ ልቤ ደነገጠ። ማሽኑም ጠላቴ አልሆነም፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ ያቀርባል፤ እኔ ከሰማሁት ጋር አስተያየዋለሁ፤ ባለቤቱ ያጸድቀዋል። አጽዳቂው ማን መሆን እንዳለበት ነበር የተሳሳትነው።

ወዳጄ፣ ምናልባት አንተ ወይም አንቺ ነገ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የምትሠሩት ትሆናላችሁ። በየትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች ሲበዙ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። ብ እና ል የሚለይ ጆሮ፣ "ማሎ" ሲባል ልመና መሆኑን የሚያውቅ ጆሮ ከእናንተ እጠብቃለሁ። ከሌላ ቦታ ሠርቶ የሚልክልን አይኖርም። ደግሞ ስትሠሩት ከ"አጽድቅ" በፊት አንዲት ሌላ ቁልፍ አስቀምጡልን፤ "ለባለቤቱ አንብብ" የምትል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በኅብረታችን የጸሎት ርዕስ የምመዘግበው እኔ ነኝ። ደብተሩን መለስ ብዬ ሳየው ማሽኑን መውቀሴ አሳፈረኝ። "ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና" ይላል። ሰው ሩብ ሰዓት አልቅሶ የነገረኝን ሁለት ቃል አድርጌዋለሁ፤ ያውም ያለ ማንም ፕሮግራም። ባለፈው እሑድ አንዲት እናት ስለ ወገባቸው ሕመም ነግረውኝ ሲያበቁ "ስለ ጤና ብዬ ልጻፈው?" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። "የለም ልጄ" አሉኝ። "ወገቤስ ለመድኩት። ሌሊት ቢብስብኝ የምጠራው ሰው የለም፤ እሱን ነው የፈራሁት።"

"ስለ ጤና" የሚለውን ሰረዝኩ። እሳቸው ቃል በቃል እየነገሩኝ ጻፍኩ፤ ከዚያ አነበብኩላቸው።